ከማን ወገን

ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መነሻ የምናጠናበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር፣ የደም መውሰጃ ዕቃ የተደረደረበት ጠረጴዛና ሲከፈት የሚያቃስት ማቀዝቀዣ። ጥናቱ የታማሚውንም የእናቱንም ደም ስለሚፈልግ፣ እናቴ ታላቅ ወንድሜን አዲስ ሸሚዝ አልብሳ ይዛው መጣች።

ነርሷ መርፌውን ስታስገባ ወንድሜ ዓይኑን አልጨፈነም። «በዚያው የሚያወሩኝንም ሰዎች ውሰጂልኝ» አላት። ነርሷ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

እናቴን ያመጣት ሌላ ነገር ነው። አክስቴ፣ የሟች አባቴ እህት፣ ወንድሜ ከታመመ ጀምሮ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ አናውቅም» እያለች በየሰው ቤቱ ስታሳጣት ኖራለች። እንግዲህ አሁን እኔ ልጇ ውጭ አገር ተምሬ ተመልሻለሁ፤ ደሙ ይፍረድ ነው የእናቴ ነገር።

ደሙ እንደማይፈርድ አስረዳኋት። ዘርም፣ በእርግዝና ጊዜ የሚያጋጥም ሕመምም፣ የኑሮ ጫናም እንደሚገባበት፣ ከብዙ ሺህ ሰው ተሰብስቦ ጥቂት ፍንጭ ቢገኝም የአንዱን ሰው ግን «ከዚህ መጣ» ማለት እንደማንችል ነገርኳት። ሳወራ ለራሴም የተሸመደደ መሰለኝ።

«አላውቅም ማለትንማ እዚሁ እኔ ጋ ቁጭ ብለሽ ትማሪው ነበር» አለችኝ። «ባሕር ምን አሻገረሽ?»

ዓይኗን ማየት ሲከብደኝ፣ «ከአንቺ አይደለም፣ እማዬ» አልኳት።

ፊቷ በራ። ወዲያው አክስቴ ጋ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። «በይ፣ ከአንቺ አፍ ትስማው።»

አክስቴ ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ትንሹ ልጇ ትምህርቱን ትቶ፣ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ማውራት እንደጀመረ ነገረችኝ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እናቴ እንዳትሰማ ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«እባክሽ የወንድሜ ልጅ» አለችኝ፣ «የወንድምሽ ሕመም በእናትሽ ወገን ነው የመጣው በይኝ።»

«ከየትም ይምጣ፣ አክስቴ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ቶሎ ሲታከም ይሻላል።»

«ሐኪም ቤት ከወሰድኩትማ የእኛ ነው ብዬ አመንኩ ማለት ነው።»

ልጁን እኔ መጥቼ ልየው አልኳት። ደጃፌን እንዳትረግጪ ብላ ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም።

ተመልሼ ስገባ እናቴ የወንድሜን እጅጌ እያወረደች ቀና ብላ አየችኝ።

«አፈረች አይደል?» አለች።