ለወልደየሱስ የተተወ መስመር

ዲንኪቱ ቀለም የነካውን አውራ ጣቷን ከወረቀቱ በላይ አንድ ስንዝር ላይ አቆመችና ባሏን አየችው።

"እስቲ አንቱ፣ ጸሐፊው ያነበቡትን ይድገሙልኝ" አለችው።

ወልደየሱስ ደነገጠ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ዲንኪቱ እሱን አንቱ ያለችው አራት ጊዜ ብቻ ነው። አራቱንም ቀን ምሳውን የበላው ሻይ ቤት ነበር።

"ምኑን ልድገምልሽ? ቤቴ ላይ አንቺን መጨመሬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የኔም ያንቺም ይሆናል ነው የሚለው።"

"ከዛሬ ጀምሮ?"

"አዎ።"

"እስከ ትናንትስ የማን ነበር?"

ወልደየሱስ በነገሌ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ገና በር ላይ ቆሞ ሳለ የወገቡን ስፋት በዓይኑ ይለካል። ሚስቱ ምን ልትል እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ በትክክል ለክቶ አያውቅም። አሁንም ጥያቄውን እንደ ቀላል ቆጠረውና፣ "የኔ ነበራ!" ብሎ መለሰ።

ዲንኪቱ ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ቀሚሱን የሰፋላት እሱ ነው፤ ያውም ለዚሁ ቀን።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ኃይሌ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወደ ነገሌ ተዛውረው ከመጡ ገና አራት ወራቸው ነው፤ አገሩን የሚያውቁት በፎርም በኩል ነበር።

"እመቤቴ፣ ምን ነካዎት? ሌሎች ሴቶች እኮ ይህን ወረቀት ለማግኘት ደጄ ላይ ያለቅሳሉ።"

"ያልቅሱ" አለች ዲንኪቱ።

ነገሩ ግን ቀጠሮ የሚሰጡት አልነበረም። ወልደየሱስ የሐሞት ጠጠር አለብህ ተብሎ ይርጋለም ሄዶ ኦፕራሲዮን እንዲሆን ታዟል። ቆዳ የጫነው ትሬንታ ኳትሮ መኪና እኩለ ቀን ላይ ይነሳል፤ ሾፌሩ ከጎኑ ቦታ ይዞለታል። ወንድሙ ደግሞ ከመንዝ ደብዳቤ ጽፎለታል፤ ስለ ሕመሙ ሁለት መስመር፣ ስለ ቤቱ አንድ ገጽ ተኩል። ከቦረናዋ ከዲንኪቱ ጋር የተጋቡት በሽማግሌ ነው። ቤተ ክርስቲያን የጻፈው ነገር የለም፣ ልጅም አልወለዱም። እሱ ቢሞት ወንድሙ መጥቶ ካርታውን ይይዝና "የወንድሜ ቤት ነው" ሊል፣ ዲንኪቱም ደጅ ልትወድቅ ነው። ከጠጠሩ ይልቅ ወልደየሱስን የሚያመው ይህ ነበር።

ስለዚህም ሳምንቱን ሙሉ ለደንበኞቹ "ሚስቴን ቤቴ ላይ ላስጨምር ነው" ሲል ሰነበተ። ከሰሜን የመጡት "ጎሽ፣ ደግ አደረግህ" አሉት። ቦረናዎቹ ግን እርስ በርስ ተያይተው ሳቁና ሱሪያቸውን ተቀብለው ሄዱ። እሱ ሳቁ የሱሪው መስሎት ስፌቱን ሲመረምር ሰነበተ።

አሁንም ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ለምስክርነት የተጠሩት ጎረቤታቸው ዋሪዮ ናቸው፤ የከብት ነጋዴ፣ ሽማግሌ ሰው።

"ኦቦ ዋሪዮ፣ ምን ያስቅዎታል?" አሉ አቶ ኃይሌ።

"ምን ላድርግ፣ ጌታዬ? በኛ ዘንድ ቤት የሴት ነው። የምትሠራው እሷ። ውሃና ሣር ፍለጋ ስንነሳ የምታፈርሰው እሷ፣ ግመል ላይ የምትጭነው እሷ። ወንድ ከብት አለው እንጂ ቤት የለውም። እኔ ይኸው ሰባ ዓመት ሞላኝ፤ አንድም ቀን ቤት ኖሮኝ አያውቅም።"

"ታዲያ የት ይኖራሉ?"

"ሚስቴ ቤት ነዋ! እስካላባረረችኝ ድረስ።"

ዲንኪቱ ወደ ባሏ ዞረች። "ጭቃውን ማን ረገጠው? ግድግዳውን ማን መረገው? በሩ ወዴት እንደሚዞር ማን ተናገረ?"

"ቆርቆሮውን እኔ ገዝቻለሁ" አለ ወልደየሱስ ዝግ ብሎ።

"ገዝተዋል፤ ይስጥልኝ። እንግዳም እኮ ስኳር ይዞ ይመጣል።"

ወልደየሱስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ቤቴን በጭቃ ጫማ አትርገጥብኝ፣ ቤቴ ውስጥ ክር አትበትንብኝ" ስትለው የኖረችው እንደ ማንኛዋም ባለትዳር ወግ ይመስለው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንግዳ መሆኑን የሰማው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ክፉ እንግዳ አልነበርኩም መሰለኝ አለ በልቡ፤ አላባረረችኝም።

"ዲንኪቱ፣ ወንድሜ መጥቶ የሚያነበው ጭቃሽን አይደለም። ወረቀቱን ነው" አላት።

"እንግዲያው ወረቀቱ እውነቱን ይናገር!"

ከገበያው በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ወልደየሱስ ጎኑን ደግፎ ተነሳ።

"አቶ ኃይሌ፣ በሷ ስም ብቻ ማዞር ይቻላል?"

"በስጦታ ይቻላል። ከዚያ በኋላ እሳቸው ከፈቀዱ እርስዎ ተጨማሪ ሆነው ይገባሉ።"

"ያዙሩት።"

"ስጦታ አይበሉት" አለች ዲንኪቱ። "የገዛ ቤቴን ነው የሚሰጠኝ?"

"እመቤቴ፣ 'መለሰላት' የሚል ፎርም የለኝም።"

ዋሪዮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት፤ መንግሥት ያለው ቃል ይኸው ብቻ ነው፣ ተይለት እንደማለት። ዲንኪቱ ተንፍሳ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ወረቀቱ ላይ አተመች። አጥብቃ ስለ ተጫነችው ማሕተም የመታች ይመስል ነበር።

አቶ ኃይሌ በመጨረሻ ነገሩ መስመር በመያዙ ደስ ብሏቸው ብዕራቸውን አነሱ። "እንግዲህ ሁለተኛው መስመር። ባለቤትዎን ልጨምራቸው?"

ዲንኪቱ ባሏን ከእግር እስከ ራስ አየችው። በአንድ ወር ውስጥ የራሱን ሱሪ ሁለት ጊዜ አጥብቧል።

"አይጨመርም።"

ዋሪዮ እንኳ መሳቃቸውን ተዉ።

"ዛሬ አይጨመርም። ይርጋለም ሄዶ፣ ጠጠሩን አስወጥቶ፣ በገዛ እግሩ እዚህ መጥቶ ይጠይቀኝ። ያን ጊዜ አስብበታለሁ።"

"ባልመለስስ?" አለ ወልደየሱስ።

"የማይመለስ ሰው ቤት ምን ያደርግለታል?"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ጥቁሩን አውራ ጣቷን አየው። ሌሎቹ ጣቶቿ ሊደብቁት አጥብቀው ጨብጠውታል፤ ቀለሙ በመካከላቸው ወጥቷል። ወልደየሱስ ሚስቱን በዓይኑ ለካት። ይህን ጊዜ አልሳተም። አፉን ዘጋ።

"ቴምብር ሁለት ነበር የገዙት" አሉ አቶ ኃይሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ለሁለተኛው መስመር የነበረው ተርፏል። ገንዘብዎን ላስመልስልዎ?"

"የለም፣ ቴምብሩን ይስጡኝ። መስመሩንም እንዳይሰርዙት፤ ክፍቱን ይቆይ።"

ቴምብሩን ከሆስፒታሉ ወረቀት መሀል ከትቶ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። ዲንኪቱ የልብሱን ጥቅል ከመሬት አንስታ ብብቷ ሥር ያዘችና ቀድማው በሩ ላይ ቆመች።

"ና እንጂ፣ መኪናው ያመልጥሃል" አለችው። ጥቂት እንደ ተራመዱም ፊቷን ሳትመልስ፣ "ቴምብሩን በላብህ እንዳታረጥበው" አለች።