የነጎድጓድ ተተኪ

«ሥራ ጀምሩ!» ብሎ ጮኸ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ከለቅሶ ቤቱ ጓሮ የውሃ ታንከር ጀርባ ተደብቆ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰብሮ እንደ ጠቦት ጩኸት ቀጥኖ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገና ደገመ። «ሥራ ጀምሩ ብያለሁ!»

«ማንን ነው የምትቆጣው ልጄ?»

ዞር ሲል የሟቿ ባለቤት፣ ሰዓት አዳሹ አዛውንት፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘው ቆመዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሟቿ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሠራተኛው «ነጎድጓድ» ይላቸዋል፤ ካንዱ ጥግ ሆነው ሲጣሩ በሌላው ጥግ ያለው ደንግጦ ክር ይበጥስ ነበር። እሱ ምክትላቸው ነው። ከተቀጠረ ጀምሮ ድምፁ ከፍ ብሎ ተሰምቶ ስለማያውቅ ቅጽል ስሙ «ሹክሹክታ» ነው። እንግዲህ ለቅሶው ዛሬ ያበቃል፤ ነገ ጠዋት ፋብሪካው ሲከፈት በነጎድጓድ ወንበር የሚቀመጠው ሹክሹክታ ነው። ማን ይሰማኛል የሚለው ጭንቀት እንቅልፍ ነስቶታል።

እሱን የመረጡት ራሳቸው ሟቿ ናቸው። ከመታመማቸው በፊት አንድ ቀን ቢሯቸው አስገቡት፣ በሩን ጠበቅ አድርገው ዘጉና «የምትተካኝ አንተ ነህ! ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳትናገር!» አሉት። ከቢሮው ሲወጣ ሠራተኛው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት።

«ጋሼ፣ እንደሳቸው መጮህ ካልቻልኩ ማን ይታዘዘኛል?» አለ አሁን፣ አንገቱን ደፍቶ።

ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ለቀስተኛው ከተቀመጠበት ግቢ፣ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ወንበር አምጡ እያለ ሲያንባርቅ ይሰማል። ይህ ሰው ድሮ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር። በተሾመ ማግስት መጮህ ጀመረ፤ ይኸው የጉሮሮ ከረሜላ ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም። በዚያ ፋብሪካ ሹመትና ጩኸት አብረው ነበር የሚሰጡት።

አዛውንቱ ብርጭቆውን አቀበሉትና መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ኋላ ሆዳቸውን ይዘው። ሻዩ እጃቸው ላይ ፈሰሰ።

«እሷ እኮ አትሰማም ነበር!»

«ምን አሉኝ?»

«ጆሮዋን ነዋ! በልጅነቷ የሽመና ማሽን ላይ ስትሠራ ነው የሄደው። የምትጮኸው የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ነው። አንዴ የመስሚያ መሣሪያ ገዛሁላትና አድርጋው ሥራ ገባች። ስትመለስ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ‹ለካ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ይጮኻሉ! ምን ሆነው ነው?› አለችኝ። ጉድ እኮ ነው፣ ከሷ ተምረው!»

ሹክሹክታም ሳቁ አመለጠው። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እኔን ግን ሁሌም ይሰሙኝ ነበር» አለ ሳቁን ሲጨርስ።

«አንተማ ዞረህ ፊቷ ትቆማለህ። ረጋ ብለህ ነው የምትናገረው፣ ከንፈርህን ታነባለች። ሌላው ከኋላዋ ሆኖ ያጓራል። ‹እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የምሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው› ትለኝ ነበር። ለመሆኑ ማን አስተማረህ?»

«እናቴ ናት። ከሰው ጀርባ ሆኖ መናገር ሐሜት ነው ትላለች።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ቀን እሳቸውን ልምሰል ብሎ ጉሮሮውን ሲያደማ ከረመ፤ እሳቸው የፈለጉት ግን እሱኑ ራሱን ነበር። ደስ አለው፣ ናፈቁትም።

ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ሲመለሱ የማቅለሚያው ኃላፊ ገና ከሩቅ አየውና «አዲሱ አለቃ ይናገራ! ስለ ነገው ንገረን እንጂ!» ብሎ አንባረቀ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሹክሹክታ ደረጃው ላይ ቆሞ ደረቱን ነፋ፣ አየር ሳበ። ከዚያ ተወው። ወረደና በወንበሮቹ መሐል አልፎ ኃላፊው ፊት ቆመ።

«ነገ የመጀመሪያውን ማሽን አንተ ታስነሳልኛለህ?» አለው በገዛ ድምፁ።

«ምን አለ? ዝም በሉ እስቲ!» ተባባሉ ከኋላ ያሉት። ግቢው ጸጥ አለ።

ኃላፊው ሊያንባርቅ አፉን ከፍቶ ነበር። አጠገቡ በቆመ ሰው ላይ መጮህ አሳፍሮት መሰለኝ፣ ዝቅ ብሎ «እሺ» አለ። የራሱ ድምፅ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ኧረ ገላገልከኝ! ጉሮሮዬ እኮ አልቆ ነበር!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ለማጽናናት የመጡ ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ተያዩ። «ቤት ተሳሳትን እንዴ?»

«አልተሳሳታችሁም፣ ግቡ» አሉ አዛውንቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የሷ ቤት ነው።»

ሰው እየተሰናበተ ሲሄድ ሹክሹክታ ብቻውን ሳሎን ገባ። ፎቶግራፋቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀምጧል። ከጀርባው ደርሶ አፉን ሊከፍት ሲል ትዝ አለው። ዞሮ ፊታቸው ቆመ። ጎንበስ አለና ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ ረጋ ብሎ «ነገ በጠዋት እንከፍታለን» አላቸው።

እንደ ልማዱ፣ በእሺታ ራሳቸውን እስኪነቀንቁለት የሚጠብቅ ያህል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወንበር ሊሰበስብ ወጣ።