ሌሊት የገባ ቡና

«ጠርጥር፣ ከገንፎም መሃል አለ ስንጥር» ይላሉ። እኔ ገንፎውን ያገነፋውንም እጠረጥራለሁ። ኮምፒዩተር መጠገን እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ።

በ2003 ዓ.ም. ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለ አንድ የቡና መጋዘን ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈለቀ በር ላይ ጠበቁኝ። «ትህትና ልጄ፣ ሌባዋን ይዣታለሁ፤ አንቺ ማስረጃውን ብቻ አውጪልኝ» አሉ።

ሌባ ያሏት መድናን ነው። ከየቡ እና ከደዶ የሚመጣው ቡና ሲመዘን ኮምፒዩተር ውስጥ የምታስገባው እሷ ናት። አዲስ አበባ ያሉት የመጋዘኑ ባለቤት የተላከላቸውን መዝገብ ሲያዩ፣ መኪኖቹ ሌሊት በር ተዘግቶ ገብተዋል፤ አርባ ኩንታሉም አራት መቶ ሆኗል። አቶ ፈለቀ ሚዛኑ አጠገብ ጫኝና አውራጁ ፊት አቁመው በአማርኛ «ሌባ» አሏት፤ ያልገባው እንዳይኖር ደግሞ በኦሮምኛ «ሀቱ» አሏት። በማግስቱ ለፖሊስ ሊያስረክቧት ነው።

መድና ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። «ወላሂ ምንም አልሠራሁም፣ እህቴ» አለችኝ። አላመንኳትም። ሌባም ይምላል።

ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ ነው፤ በውስጡ ግን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም እንደ ደባል ገብቶ፣ ራሱን እንደቻለ ሌላ ኮምፒዩተር ይሠራል። ቡናው የሚመዘገበው ደባሉ ላይ ነው። ዜሮን አንዴ ነካሁ፤ ሁለት ወጣ። ኪቦርዱን ጠርጥሬ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ዊንዶውሱ ላይ ስጽፍ ግን ምንም አይደገምም። ነገሩ ገባኝ፦ አከራዩ ዊንዶውስ ሥራ ሲበዛበት፣ ጣቴ መነሳቱን ለደባሉ ዘግይቶ ይነግረዋል፤ ደባሉም አሁንም ቁልፉን የተጫንኩ መስሎት ይደግመዋል። ከመድገሙ በፊት ረዘም አድርጎ እንዲታገስ አስተካከልኩት። ዜሮው አንድ ሆነ።

የመድና ፊት በራ። እኔ ግን ገና አልጠገብኩም። የሌሊቶቹ መኪኖችስ? የደባሉን ሰዓት አየሁ፤ አራት ይላል። የእጄም አራት ነው። ልክ ነው አልኩ። እንግዲያው አንድ ሰው ሰዓቱን እየነካካ መልሶ ልኩ ላይ ያደርገዋል ማለት ነው።

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?» አልኳቸው አቶ ፈለቀን።

«እኔና እሷ።»

«እርስዎ ሰዓቱን ነክተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ።»

መድናን ቀና ብዬ አየኋት። አንገቷን ደፋች። በልቤ ፈረድኩባት።

በማግስቱ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ቀድሜያት ገባሁ። ኮምፒዩተሩን አቶ ፈለቀ አበሩት። ደባሉ ሲነሳ ሰዓቱን ከአከራዩ ስለሚቀዳ ስምንት ይላል። እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጎንበስ አሉና ሁለት አደረጉት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«የፈረንጅ ዕቃ አይደል፣ ሲያድር ይሳሳታል። በየማለዳው አርመዋለሁ።»

«ትናንት አልነካም አሉኝ እኮ።»

«ማረም መንካት ነው እንዴ?»

ተናደድኩ፤ በራሴም ጭምር። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የገባ መኪና፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ አራት ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ ባለቤቱ ዘንድ ሊነጋ ሲል በር ሳይከፈት የገባ ሆኖ ይደርሳል። እዚህ ግን ከሁላችንም የእጅ ሰዓት ጋር ስለሚስማማ ማንም ልብ አላለውም። ልጅቷን ስጠረጥር የገዛ ሰዓቴን መጠርጠር ረሳሁ። አፈርኩ።

ይህን ሳስረዳቸው መድና በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አቶ ፈለቀ ዓይናቸውን ከእሷ አሸሹ። «በይ እንግዲህ፣ ወደ ሥራሽ ግቢ» አሏት።

«የተሰደብኩት እዚህ አይደለም» አለች።

ወደ ሚዛኑ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጫኝና አውራጁ ጆንያውን አስቀምጦ ዞረ። አቶ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «መድና ሌባ አይደለችም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉና ሊመለሱ ሲሉ በሩ ላይ ቆመችባቸው።

«በኦሮምኛም ይበሉት፣ ማሎ፣ እባክዎ። ያን ቀን በሁለቱም ነበር።»

«መድና ሀቱ ሚቲ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ጮክ ብለው እስኪደግሙት ድረስ መንገዱን አልለቀቀችላቸውም።