የሰብሌ ጌሾ በወይራው ጥላ ሥር

ታፈረ ሠላሳ ዓመት ከላሊበላ ፍላቂት፣ ከፍላቂት ወልድያ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ፣ መሪውን ባስረከበ በስድስተኛው ወር ሚስቱ ሰብሌ ሞተችበት። ስትሞት ቤቱን አደራ አላለችው፣ ልጆቹን አደራ አላለችው። እጁን ይዛ «ጌሾዬን አደራ» አለችው። በቃ።

እንግዲህ ታፈረ ስለ ተክል የሚያውቀው በመስኮት ሲያልፍ ያየውን ብቻ ነው። ጓሮውም ቢሆን ለጀማሪ የሚሆን አልነበረም። ከላይ ትልቅ ወይራ ተንሰራፍቶበታል፣ በጎን የጎረቤቱ የጀውሀራ ግንብ ጋርዶታል፤ ፀሐይ እንደ ባለሥልጣን ለአንድ አፍታ ብቅ ብላ ትመለሳለች። የሰብሌ አራት እግር ጌሾ እዚያ ግንቡ ሥር ነው ያለው።

ታፈረም አደራውን ከነወለዱ ልመልስ ብሎ ጓሮውን በገመድና በችካል እንደ መናኸሪያ ከፋፈለው። ቃሪያ ከፊት፣ ቲማቲም ከኋላ፣ ቆስጣ በሩ ጋ፤ ለሁሉም ተራ አስያዘ። ቃሪያውና ቲማቲሙ ጥላውን ጠልተው ቀጭጨው ቀሩ። እሱ አላሳሰበውም። ያሳሰበው ጌሾው ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ፣ ለገላው የሚሰስተውን ውሃ በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን እያጠጣው፣ ይረግፋል!

መናኸሪያ ሄዶ የድሮ ባልደረቦቹን ጠየቀ። አንዱ «ውሃ አንሶት ነው» አለ። ሌላው «ፀሐይ አጥቶ ነው፣ ወይራውን ቁረጠው» አለ። ሦስተኛው «ዓይን ነው ባክህ፣ ቀይ ጨርቅ እሰርበት» አለ። ታፈረ ውሃውን ጨመረ፣ ጨርቁንም አሰረ፤ ወይራውን ግን አልደፈረም። ጌሾው ይባስ ብሎ ጠወለገ። በመጨረሻ የግብርና ባለሙያው ገብረ ሊባኖስ መጥቶ አፈሩን በጣቱ ጨመቀና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ታፈረ፣ ጥላ ውስጥ ውሃ ቶሎ አይደርቅም። ሥሩ ታፍኗል። ለአንድ ሳምንት ጠብታ እንዳያገኘው! ከዚያም በሳምንት አንዴ ይበቃዋል።»

ታፈረ ጀሪካኑን ሰቀለ። በማግስቱ አፈሩን ነካ፤ ጭቃ። በሦስተኛው ቀን ነካ፤ ጭቃ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጭራሽ ከጌሾው ሥር ትንሽ ውሃ ኩሬ ሠርታ አገኘ። ወሩ የካቲት ነው፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቷል። «ሰማይ አልዘነበ፣ እኔ አላጠጣሁ። ታዲያ ይኼ ከየት መጣ?» አለና ግራ ገብቶት ቆመ። ወይራውን አየ፣ ግንቡን አየ፣ የገዛ እጁንም አየ።

ከዚያ መጣለት። የላሊበላ ሰው ነው፣ ሌላ ምን ይመጣለታል? ጸበል! ጓሮው ውስጥ ጸበል ፈልቋል! ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ሱሪውን ሰበሰበና ሠላሳ ዓመት ፍሪሲዮን የጨረሰውን ግራ ጉልበቱን በጭቃው ውሃ አሸው።

«ሰብልዬ፣ አንቺ ነሽ አይደል?» አለና አለቀሰ። ከሞተች ጀምሮ የሚፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ጌሾው ከደረቀ እሱ አደራ በላ ነው፣ እሷም ያን ጊዜ የእውነት ትሞታለች።

የንስሐ አባቱን ሊጠራ ተነሣና «ቆይ፣ ሲፈልቅ በዓይኔ ልየው» ብሎ ተመለሰ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሰዓት መናኸሪያ ነው የሚውለው። ያን ዕለት ግን ቀትር እስኪሆን ጌሾው ሥር ተንበርክኮ ጠበቀ። ጎንበስ እንዳለ ከላይ አንድ ሳፋ ሙሉ ውሃ አናቱ ላይ ዷ!

«በስመ አብ!» ብሎ ጮኸ።

«ቢስሚላህ!» አለ የሴት ድምፅ ከግንቡ ማዶ። ጀውሀራ ባዶ ሳፋ ይዛ ብቅ አለች፤ ፊቷ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። «አያ ታፈረ! በዚህ ሰዓት መናኸሪያ አልነበሩም እንዴ?»

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴት?»

«የውዱእ ውሃዬ ነው፣ ለሶላት የታጠብኩበት። ንጹሕ ውሃማ ከየት አባቴ ላምጣ? የቀትሩን የዙህር ሶላትም፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላትንም ውሃ በሳፋ እየያዝኩ ለሰብሌ ጌሾ ነው የምደፋው። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ጠርታኝ ‹ታፈረ መኪና እንጂ ተክል አያውቅም፤ ጌሾዬን አደራ› አለችኝ። ጠላውን ባልቀምስም አደራ እበላለሁ እንዴ?»

ታፈረ ውሃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ ዞረበት። «ለእኔም እኮ አደራ ብላኛለች። በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን...»

«እኔ በቀን ሁለት ሳፋ...» ጀውሀራ አፏን በእጇ ያዘች። «ወየው! ተባብረን አሰጠምነው በሉኛ!» ከዚያ የተገለጠ ጉልበቱን አየችና ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀችው። ታፈረ መዋሸት አቃተው፣ ጸበል መስሎት እንደነበር ነገራት። ግንቡን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። «የእግሬን እጣቢ!»

«ተሽሎኛል እኮ!» አለ ተቆጥቶ። ወዲያው ቁጣው ወደ ሌላ ዞረ። «ሰብሌ አላመነችኝም ማለት ነው።»

«እኔንስ መቼ አመነች? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ» አለችው።

ታፈረ የጌሾዎቹን ግንድ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ሁለቱ ደርቀዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ልጣጭ ግን ከውስጥ አረንጓዴ ነው። ገብረ ሊባኖስ እንዳለው አፈሩ ሲደርቅ በሳምንት አንዴ ሊያጠጡ፣ አንዱን ሳምንት እሱ ሌላውን እሷ፣ ተስማሙ። ተስማምቶ ግን ታፈረ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ እንጂ ወደ ቤት አልገባም።

«ጀሪካኑን ይዤ ስወጣ እኮ ነው የማዋራት» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላውን ቀን ምን ብዬ ልውጣ?»

ጀውሀራ ሳፋውን ግንቡ ላይ አስቀመጠችው፤ ሳቋ ጠፋ። «እኔስ ሳፋውን ስደፋ ዝም የምል ይመስልዎታል?»

በማግስቱ ጠዋት ታፈረ ባዶ እጁን ወጣና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰብልዬ፣ ዛሬ ውሃ የለም» አለ። «ወሬ ብቻ ነው።»

«ጀውሀራም አለች ይበሏት» አለ ድምፅ ከግንቡ ማዶ።