ከግድግዳው ሥር ያለው ቦታ

ሰሌዳ ላይ ከካርቶን የተሠራው የመንገዳቸው አምሳያ ጠረጴዛው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። አዳራሹ ውስጥ የተሰበሰበው የሰፈር ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ የየራሱን በር ፈለገ፤ ሲያገኘውም እንደ ልጅ ደስ አለው። ብረት በያጁ ጎንበስ ብሎ የራሱን ቤት አየና፣ «የዚህኛው ቤቴ ጣሪያ አያፈስም። ምነው እዚሁ በገባሁ» አለ። ሰው ሳቀ።

ንድፍ ሠሪዋ ገና ወጣት ናት፤ ሰው ሲናገር ግን አታቋርጥም። «መንገዱ ላይ የምትውሉት እናንተ ናችሁ» አለች። «ስለዚህ ንድፉም ከናንተ ይወጣል። እኔ እጃችሁን ተከትዬ አሰምራለሁ እንጂ ከቢሮ አምጥቼ አልጭንባችሁም። የማንንም እጅ ጠምዝዤ አላስፈርምም።» ከዚያ የየሰዉ ሥራ የተሳለባቸውን ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች አደለች። ሕጉ ቀላል ነበር። ሁሉም የራሱን ቁራጭ በራሱ እጅ፣ መሥራት በሚፈልግበት ቦታ ያስቀምጣል። ሰሌዳው ላይ የተቀመጠ ሰው፣ መንገዱ ሲታደስ ጥላ ያለውና የተነጠፈ መሥሪያ ቦታ ያገኛል፤ ማንም ተነሥ አይለውም። ያልተቀመጠ ግን ንድፉ ውስጥ የለም።

ልብስ ሰፊው የመንገዱ ነጋዴዎች ተወካይ ነው። ጋሼ ልኬ ይሉታል፤ ሰው ገና በሩ ላይ ሳለ በዓይኑ ልኩን ስለሚወስድ ስሙን ያወጣለት ብረት በያጁ ነው። ተወካይ ያደረጉት ግን በዓይኑ አይደለም፣ በጆሮው ነው። ሰው ሲያወራው መርፌውን አቁሞ ይሰማል።

ልኬ በእጁ ሁለት ቁራጭ ይዟል። አንደኛው ላይ መቀስ ተስሏል፤ እሱን በሩ ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ነው። ልብሳቸውን ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቹ ፀሐይ ላይ ቆመው መጠበቃቸው ሲያሳስበው ከርሟልና አግዳሚ እንዲጨመርለት ለምኖ ነበር። ለአግዳሚው የሚሆን ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከግድግዳው ሥር።

እዚያ የምትቀመጠው ዣንጥላዋ የሚሏት ሴት ናት። ዣንጥላ ትጠግናለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ለልኬ የሚመጣ ዚፑ የተበላሸ ሱሪ ሁሉ በሷ እጅ ያልፋል፤ እሱ በመስኮቱ ያቀብላታል፣ እሷ ሠርታ በበሩ ትመልስለታለች። መጠለያዋ ሦስት ዣንጥላ ተገጣጥሞ የተሰፋ ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ባለ አበባ፣ ሦስተኛው ባለቤቱ ሳይመለስበት የቀረ። ሱቅ የላትም። ያላት ያ ግድግዳ ነው።

የዚያን ቀን ዘግይታ ነበር የመጣችው። ከአዳራሹ በር አላለፈችም። ንድፍ ሠሪዋ አየቻትና ዣንጥላ የተሳለበትን ቁራጭ ይዛ ሄደችላት።

«የርስዎ ይኸው፤ ይምጡና ያስቀምጡት።»

ዣንጥላዋ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። «ኧረ እኔን ተዉኝ። ለኔ አታስቡ። እኔ እንደሆንኩ የትም እሆናለሁ።»

እንዲህ ሲባል የሚመለሰው መልስ የታወቀ ነው። አስተማሪ የለውም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው የሚለምደው። እንግዳ ሲጋበዝ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ጋባዥ «በሞቴ» ይላል። እንግዳው «ኧረ አይሆንም» ይላል። «በሞቴ ስልህ» ሲባል ነው እጁን የሚዘረጋው። በመጀመሪያው «ጠግቤያለሁ» ማዕዱን ያነሳ ቤት፣ ስሙ ሲነሳ ይኖራል።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ልኬን አየው። ተወካይ ነው፤ ግድግዳውም የሱ ነው። በሞቴ ማለት ያለበት እሱ ነው። ብረት በያጁ በክርኑ ነካ አደረገው።

አግዳሚዋ በላብ ርሳ መዳፉ ላይ ተጣብቃለች። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልኬ ግን፣ «እንግዲህ… ፈቃዷ ከሆነ ምን ይደረጋል» አለና አግዳሚዋን ከግድግዳው ሥር አስቀመጠ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ንድፍ ሠሪዋ ዣንጥላዋን።

«አዎ፣ ልጄ።» ሌላ ምን ትበል።

ንድፍ ሠሪዋ ዣንጥላ የተሳለበትን ቁራጭ ከረጢቷ ውስጥ መለሰችው።

በማግስቱ የልኬ ባለቤት ምሳውን ይዛለት መጣች። ከውጭ ዣንጥላዋን ሰላም ብላ ገባችና መጋረጃውን ዘጋች። መጋረጃው ሲዘጋ ልኬ ነገር እንዳለ ያውቃል።

«በሞቴ አላልካትም አሉ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«በያጁ ነዋ። እሱ ሬዲዮ ከሆነ ስንት ዘመኑ።»

«ራሷ አትፈልግም አለች። እኔ ሰው በግድ…»

«ተው እንጂ ልኬ። እኔ ለጋብቻ ስጠየቅ ምን ነበር ያልኩት?»

ልኬ መቀሱን አስቀመጠ።

«‹አላገባም› ነበር ያልኩት። ይኸው አለሁ፤ ምሳህን ይዤ።» የሳህኑን ክዳን አነሳችለት። «ያን ጊዜ ቃሌን ተቀብለህ ብትሄድ ኖሮ ምሳህን ማን ያመጣልህ ነበር?»

ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም። ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። ባለቤቱም የተረፈውን አይታ፣ ከዚህ በላይ ብትናገር ጭካኔ መስሎ ስለተሰማት ሳህኑን ሸፋፍና ወጣች።

ልኬ ማለዳ ሥራ ሳይጀምር፣ መቀሱን እንደያዘ የመንገዱን ሰዎች በየተራ ለፈጣሪው የማሳሰብ ልማድ አለው። ድምፅ አያሰማም፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ በልቡ ይሄዳል። ባለ ሱቋን አስባት፣ ዳቦ ጋጋሪውን አስበው ይላል። በያጁ ጋ ሲደርስ፣ «እሱንም ቢሆን» ብሎ ይጨምራል። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይይዘዋል። «እሷንም አስባት» ሊል አፉን ይከፍትና ቃሉ ራሱ ይመልሰዋል። እሱ አላስብም ያላትን በምን አፉ አስባት ይበል። አንድ ቀን ዘሏት ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ያ ከሁሉ ባሰበት። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱን ከመንገዱ ሌላኛ ጫፍ ይጀምርና መሐል ላይ ደንበኛ እንዲመጣበት ይመኝ ጀመር።

እሷ ብትቀየመው ይሻለው ነበር። እሷ እቴ። እንደ ወትሮዋ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ትለዋለች። የላከላትን ሱሪ ዚፑን በሰም አለስልሳ፣ ሁለቴ ከፍታ ዘግታ አሳይታ ትመልስለታለች። ዕቃዋን ግን በየቀኑ ትቀንሳለች። ሽቦዎቹን አንድ ቀን ወሰደች፤ በሌላው ቀን የጨርቅ ቁርጥራጩን። ልኬ በመስኮቱ እያየ እሱ ራሱ እየተቀነሰ መሰለው።

አንድ ደንበኛ ኮት ሊያስለካ መጥቶ፣ «አግዳሚ ሊመጣልን ነው አሉ። ተወካይ ማለት እንዳንተ ነው» ብሎ አመሰገነው። ልኬ የዚያን ሰው ትከሻ ለክቶ ቁጥሩን ወዲያው ረሳ። እንደገና ለካ። እንደገናም ረሳ። ሰውየው፣ «ምነው ጋሼ፣ ወፈርኩ እንዴ?» አለው።

ከዚያ የጠመኔው ቀን መጣ። ንድፍ ሠሪዋ የሰሌዳውን ንድፍ በትክክለኛ መጠኑ መሬት ላይ ልታሰምር ነው። ነጋዴው በየቦታው ቆሞ ይጠብባል ይሰፋል ካለ የዚያኑ ቀን ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ግንበኞች ይገባሉ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ የልኬ ባለቤትም መጥታለች። ዳቦ ጋጋሪው መደርደሪያውን በአንድ ክንድ ፈቀቅ አስደረገ፤ ባለ ሱቋ የውሃ መውረጃው ክዳን ደጇ ላይ እንዳይውል ተከራክራ አሸነፈች። ጠመኔውን በየተራ ይቀባበሉ ነበር። ሁሉም እጁን ያሳረፈባት መስመር ስለሆነች እንዳይረግጧት በጥንቃቄ ይራመዱ ነበር።

ልኬ በር ጋ ሲደርሱ ዣንጥላዋ ተቀምጣ እየሠራች ነበር። ንድፍ ሠሪዋ ጠመኔ ይዛ ስትመጣ አየችና መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። ተነሣች። መጠለያዋን አጠፈች፣ መቀመጫ ዱካዋን አነሳች፣ መስመሩ እንዲያልፍ ወደ ጎን ቆመች። ማንም ተነሺ አላላትም።

ንድፍ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ አንዱን ጎን አሰመረች።

«አታስምሪው» አለ ልኬ።

«ጠበበ ጋሼ?»

«አልጠበበም።» ሁሉም እየሰማ ነው። «ያን ቀን ለኔ አታስቡ ስትል እኔ ሰምቻለሁ። ምን ማለቷ እንደሆነም አውቃለሁ፤ እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል። በሞቴ ብላት ኖሮ መጥታ ታስቀምጥ ነበር። አግዳሚውን ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት። ፈቃዷን አክብሬ አይደለም።»

በያጁ እንኳ ቀልድ አላገኘም። ፊቱን አዙሮ የራሱን በር አየ። ያን ቀን ልኬን በክርኑ ሲነካ፣ በሞቴ የሚልበት አፍ እሱም ነበረው። ዳቦ ጋጋሪውም ነበረው። አንገታቸውን ደፉ።

ልኬ ወደ ዣንጥላዋ ዞረ። «በሞቴ፣ ቦታሽን ያዢ።»

«ይተዉት ጋሼ።»

«በሞቴ ስልሽ።»

«አይማሉ።» ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «በሞቴ የሚባለው ማዕዱ ሳይነሳ ነው። የዛሬው እንቢታዬ የእውነት ነው።»

ልኬ ፊቷን ልብ ብሎ አየ። ሰው ሲያወራ እውነቱን ከይሉኝታው መለየት የሚችል ጆሮ አለኝ ብሎ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን አልለየም። አንድ ጊዜ ቢጨምር ግድግዳዋን ትይዝ ይሆን? ወይስ በሦስተኛው በሞቴ ሊያባብል የሚፈልገው እሷን ሳይሆን ራሱን ይሆን? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ባለቤቱ ጠጋ አለች። «እኔስ ብልሽ?»

«አንቺማ እህቴ ነሽ። ግን ግድግዳው ያንቺ ብቻ አይደለም።»

ንድፍ ሠሪዋ ካጎነበሰችበት ቀና ሳትል፣ ጠመኔውን ወደ ዣንጥላዋ ዘረጋች። «እኔም አንዴ ብቻ ጠይቄ ነው የተውኩዎት። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አይደለም። የት መሆን ይፈልጋሉ?»

«የትም።»

«የት?»

«እናንተ ያላችሁት ቦታ…»

«በሞቴ፣ የት?» አለች ልጅቱ። ፊቷ ቀልቷል፤ ቃሉ ከሥራ ሰዓት ጋር የሚሄድ አልመሰላትም።

ዣንጥላዋ ጠመኔውን ተቀበለች። መንገዱን ተሻገረች። ከበያጁ ሱቅ ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ጎንበስ ብላ በራሷ እጅ አራት ማዕዘን አሰመረች። አንዱ ጎን ጠመመባት፤ አላረመችውም።

«እዚያማ ፀሐዩ ይጠብስሻል» አለ በያጁ። «በዚያ ላይ የኔ ብልጭታ አለ።»

«ዣንጥላ አለኝ።»

መንገዱ በሳቅ ሞላ። ልኬም ከንፈሩ ሊከፈት ነበር። ከዚያ ሳቁ የሱ እንዳልሆነ ገባውና ዓይኑን መሬት ላይ ወዳለችው አንዲት መስመር መለሰ። ንድፍ ሠሪዋ፣ «ይኼኛውስ ምን ይሁን ጋሼ?» አለችው። «አግዳሚው ለመንገደኛ ሁሉ ይሁን፤ ለኔ ደጅ ብቻ አይሁን። ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ውሰዱት» አለ። ተማክረው ከዛፉ ሥር እንዲሆን ወሰኑ። ማንም አላመሰገነውም። እሱም ቢያመሰግኑት የሚገባበት ይጠፋው ነበር።

ግንበኞቹ ሠርተው ሄዱ። ጥላዎቹ ተተከሉ። ዣንጥላዋ አሁን ጠንካራ ጣሪያ አላት፤ ደንበኛዋም ጨምሯል፤ ከመንገዱ ሁለት ጫፍ ትታያለች። ከልኬ ጋር ሰላምታቸው አልተቋረጠም። በመስኮት ማቀበል ግን ቀረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዚፓቸው የተበላሸ ሱሪዎች ክንዱ ላይ አጣጥፎ መንገዱን ተሻገረ። የሚልከው ሰው አጥቶ አልነበረም። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረች። ዣንጥላዋ ጋ ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ ቦርሳ ይዛለች፣ አንዷ የተሰበረ ዣንጥላ። እሱን ሲያዩ ዕድሜውን አክብረው መንገድ ሊለቁለት ፈቀቅ አሉ።

ዣንጥላዋ ቀና ብላ አየችው። «እንዴት ዋሉ ጋሼ» አለች። «ተራዎን ይጠብቁ፤ እነዚህ ቀድመዋል።»

«እሺ» አለ ልኬ። ከሴቶቹ ኋላ ሄዶ ቆመ።