መልከ መልካሙ ፖሊስ

ጉ ሶራ የፖሊስ ደንብ ልብስ ከለበሰች ገና ወራት ቢሆናት ነው። በደቡብ ኮሪያዋ የጉንሳን ወደብ ሰፈር እስከዚያ ድረስ የሠራችው ሥራ ሰካራም ቤቱ ማድረስ፣ የጎረቤት ጠብ ማብረድና ከመኪናው ወንበር ላይ ትውከት ማጠብ ነበር። ስለዚህ ስለ ጀማሪ ፖሊሶች ሕይወት የሚተርክ ተከታታይ ድራማ እዚያው ሰፈር ሊቀረጽ ነው ሲባል እንደ እሷ የተደሰተ አልነበረም። ምናልባት ምክር ይጠይቁኝ ይሆናል ብላ ጫማዋን እስኪያበራ ወለወለች።

የጠየቋት ግን ገመድ እንድትይዝ ብቻ ነው።

ከዓሣ ገበያው ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግታ፣ የዝናብ ልብሷን ደርባ ቆመች። አብሯት የተመደበው ሳጅን ፒዮ ጡረታው የተቃረበ፣ በምንም ነገር የማይደነቅ ሰው ነው።

«አለቃ፣ የእኛን ሕይወት ሲሠሩ ማየት ትንሽ አይገርምዎትም?»

«የሚገርመኝ ሱሪያቸው መተኮሱ ነው» አላት።

መሪ ተዋናዩ ዎን ጂሁክ ብቅ ሲል ገበያተኛው በጭብጨባ ተቀበለው። ደንብ ልብሱ በልኩ ተሰፍቶለታል፤ የሶራ እጅጌ ግን ጣቶቿን ይሸፍናል። ወዲያው ረዳት አዘጋጇ በድምፅ ማጉያ ጮኸች።

«የዝናብ ልብስ የለበስሽው! ከካሜራው ዞር በይልን! ፖሊሶቹ ሌሎች ናቸው!»

ሶራ ዞር አለች። ይሄኔ ነው ኦ ሚንሱክ የምትባል ዓሣ ሻጭ ሽርጧን እንደታጠቀች ከገበያው እየሮጠች የመጣችው። ሶራን አልፋ፣ ከገመዱ ሥር ሾልካ፣ የጂሁክን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ወንድሜ፣ አባቴ ጠፋ! የመርሳት በሽታ አለበት። ዓሣ መዝኜ ቀና ብል የለም!»

መሬት ላይ ዘጭ አለች። ጂሁክም አጠገቧ በርከክ ብሎ፣ አገሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምፁ፣ «እናቴ፣ አይዞዎት። እኔ አለሁ። አባትዎ ምን ለብሰዋል? መጨረሻ ያዩዋቸው የት ነው?» አላት። ጠዋት ሲለማመደው የነበረ ንግግር ነው። ሴትዮዋ ግን ተረጋጋች። ቡናማ ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ አንድ እግሩን ይጎትታል እያለች ዘረዘረችለት። ሶራ የእኔም አፍ እንዲህ በታዘዘልኝ ብላ ቀናች።

ከዚያ ንግግሩ አለቀበት። በድራማው ትዕይንቱ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ዙሪያውን ሲቃኝ ቆይቶ ዓይኑ ሶራ ላይ አረፈ።

«ይቅርታ» አላት በሹክሹክታ፣ «ቀጥሎ ምንድን ነው የሚደረገው?»

«መፈለግ ነዋ!»

ሴትዮዋን ከሳጅን ፒዮ ጋር ወደ ሱቋ መለሰቻትና ሮጠች። የበረዶ መጋዘኑን፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን፣ የመርከቦቹን ማቆሚያ አዳረሰች። ውሃው ላይ ቡናማ ነገር እንዳይታይ ደጋግማ ቃኘች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስትመለስ፣ ቀረጻው ቀጥሎ፣ ቡናማ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ በአጃቢ ተዋንያን ድንኳን ውስጥ ተደላድለው ጊምባፕ የሚሉትን የሩዝ ጥቅል ይበላሉ። ከአጃቢዎቹ አንዱ መስለዋቸው ቀራጮቹ በካሜራው ፊት ሲያመላልሷቸው ኖሯል።

«አባባ፣ ልጅዎ ተጨንቃለች። እንሂድ።»

«አሁን አይመቸኝም፣ ልጄ» አሏት ቆፍጠን ብለው። «ሥራ ላይ ነኝ። ያቺ ልጅ እጇን ስታነሣ ወደዚያ መብራት እሄዳለሁ። ጎበዝ ብላኛለች።»

ሶራ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። የሽማግሌውን ፊት ስታይ ግን አልቻለችም። እንደተገኙ ለሳጅን ፒዮ በሬዲዮ ነግራ አጠገባቸው ተቀመጠች። የረዳት አዘጋጇ እጅ ሲነሣ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ።

ሚንሱክ ደርሳ ይህን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«እዩት እስቲ! እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ካየሁት ስንት ዘመኔ!»

ቀረጻው ሲቆም ሮጣ አቀፈቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሣች፤ ለጂሁክ።

«ውለታህን መቼም አልረሳም፣ ወንድሜ!»

«እኔ እኮ አይደለሁም» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ያገኘቻቸው እሷ ናት።»

«ትሕትናውስ!» አለች ሚንሱክ።

በማግስቱ ለፖሊስ የበላይ አለቆች ምስጋና ጻፈች፤ ያ ረጅም መልከ መልካም ፖሊስ ይሸለምልኝ ስትል። አለቆቹ ጣቢያውን ቢያስፈትሹ ረጅምም መልከ መልካምም ታጣ። ሰውዬው ተዋናይ መሆኑ ሲጣራ ያፍራሉ ሲባል ጭራሽ ደስ አላቸው፤ ተዋናዩን የክብር ፖሊስ አድርገው ሾሙት። ጂሁክ በሹመቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ባደረገው ንግግር የሶራን ስም ደጋግሞ ጠራ። በዜናው ላይ ያ ተቆርጦ ፈገግታው ብቻ ቀረ።

ዜናው እንዳለቀ የሶራ እናት ደወለች።

«ያ ልጅ የእናንተ ጣቢያ ነው አይደል?»

«እማዬ፣ ተዋናይ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ሽማግሌውን አግኝቶ የለ? ከሱ ተማሪ። ደግሞ ያቺ ከኋላው አበባ ታቅፋ የቆመችው፣ ኮፍያዋ የተንጋደደው ማናት? ፊቷም አይታይ።»

«እኔ ነኝ።»



«ከስተሻል እንዴ?» አለች እናቷ። «እሑድ ነይ፣ ትበያለሽ።»