የዳዊት ቤት የመጨረሻዋ ልጅ

«ስሚ እንጂ አንቺ፣ ምስክር ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ! ለዚያችው ለሰብሌ!» አለቻት ጎረቤቷ ገነቴ ለፋንታዬ፣ በአጥሩ ቀዳዳ። ሹክ ያለች መስሏት ነው እንጂ ድምፅዋ መንገድ ድረስ ይሰማል። ወሬውን ያገኘችው ጃጁራ ገበያ ቅቤ ስትገዛ ከምስክር እህት ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ቆየ፣ ልጅ የለውም፣ ጊምቢቹ ከተማ ያስተምራል፣ ያቺን የድሮዋንም አልረሳም።

ፋንታዬ ደግሞ የሰማችውን ይዛ አታድርም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ልጅነት ጓደኛዋ ወደ ሰብሌ በረረች።

ሰብሌ የአባቷን አንሶላ እያጠበች ነበር። ሰማች፤ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ «አባዬ አሁንም ዘር ይቆጥርባቸዋል» አለች።

እውነቷን ነው። አባቷ አቶ ሰይፈሥላሴ የሚኖሩት ጣራው በሚያፈስ ቤት ነው፤ ከታመሙ ወዲህም ከአልጋ የሚያነሳቸው የሰብሌ ትከሻ ነው። ግን አባታቸው በንጉሡ ጊዜ ተሹመው ከመንዝ ሆሳዕና የመጡ ናቸውና፣ «የኛ ዘር ከዳዊት፣ ከሰሎሞን የወረደ ነው» ሲሉ ወገባቸው ቀጥ ይላል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የምስክር ሽማግሌዎች ከሌሞ በጋሪ ሲመጡ፣ ቁጭ በሉ ሳይሏቸው ከዳዊት ጀምረው እስከ ራሳቸው ስም ጠሩባቸው። ሽማግሌው አቶ አጵሎስም እንደ ሀዲያ ወግ የራሳቸውን ትውልድ ቆጠሩ፤ ያውም ሳይደናቀፉ። አቶ ሰይፈሥላሴ ሳቁባቸው። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ንጉሥ የለም?» አሏቸው።

በዚያው ቀረ። ምስክር ሌላ አገባ። ለሰብሌ ከዚያ በኋላ የመጣውም ሁሉ አጥንቱ እየተቆጠረ ተመለሰ፤ ቆይቶ መምጣቱም ቆመ። ወንድሟ ዘርአብሩክ፣ ያ ዘሩን ያስቀጥላል የተባለው፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ተገደለና በሳጥን መጣ። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። እሷም እንግዲህ ልጅ የመውለጃ ጊዜዋ አልፏል። የምትፈልገው ማታ ማታ «በልተሻል ወይ?» የሚላት ሰው ብቻ ነው። ይቺን ለፋንታዬ የነገረቻት ፊቷን አዙራ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ አጵሎስ አርጅተው በዱላ ነው የሚሄዱት። የሰብሌ አጎት ወልደኪዳን ደግሞ ይህንኑ ሰምቶ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከወንድሙ አልጋ አጠገብ ኮቱን ቆልፎ ተቀምጧል። ሰብሌ ሻይ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ አስቀምጣ፣ ከፋንታዬ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ለብሳ የነበረው ያኔ ለመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ያሰፋችውን ቀሚስ ነው። ወገቡ አልዘጋ ብሎ ፋንታዬ በመርፌ ቁልፍ ያዘችላት።

«ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው» አሉ አቶ አጵሎስ፣ እንደቆሙ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ትራስ ተደግፈው ቀና አሉና ጀመሩ። «ዳዊት ሰሎሞንን ወለደ። ሰሎሞን ምኒልክን ወለደ...» ሄዱ፣ ሄዱ፣ መሀል ላይ ጠፋባቸው። ጣራውን አዩ። «ዳዊት ሰሎሞንን ወለደ...» ብለው እንደገና ጀመሩ። እንደገና እዚያው ጋ ጠፋባቸው። ያ በእንቅልፋቸው እንኳን የሚጠሩት! ወልደኪዳን ሊያስታውሳቸው አፉን ከፈተ፤ እሱም አያውቀውም። አቶ አጵሎስ ዱላቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። አንዴም አልሳቁ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሰብሌ የፋንታዬን እጅ ጨብጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የጠፋባቸውን ስም አግኝተው ቶሎ እንዲጨርሱ እየጸለየች ነበር።

አዛውንቱ መሀሉን ዘለሉትና መጨረሻው ላይ ደረሱ። «ሰይፈሥላሴ... ዘርአብሩክን ወለደ። ዘርአብሩክ...» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስም የለም። እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ።

ይኼኔ እንኳን እሺ ይላሉ ያላለ አልነበረም። ሰብሌም ቀሚሷን አስተካከለች።

«አይሆንም» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። «ቤቱ ከተዘጋም በንጽሕናው ይዘጋ።»

«ደግ ብለሃል፣ ወንድሜ» አለ ወልደኪዳን። «ደማችንን ይዘን እንሞታለን እንጂ ከማንም ጋር አንቀላቅልም። እሷም ብትሆን ለምዳዋለች፣ በዚህ ዕድሜዋ ባል ምን ያደርግላታል?»

ሰብሌ የፋንታዬን እጅ ለቀቀች። ጎንበስ ብላ የመርፌ ቁልፉን ከወገቧ ፈታች። አቶ አጵሎስ ባርኔጣቸውን አነሱ።

ፋንታዬ መጋረጃውን ገፋ አድርጋ ወጣች።

«አንቺ ደግሞ ማን ጠራሽ?» አላት ወልደኪዳን።

«ማንም። ግን ጋሼ፣ ሰሎሞን ሺህ ሴት ሲያስገባ የስንቷን አጥንት ቆጠረ? ከግብፁም ከሞዓቡም ሰብስቦ አግብቶ፣ ይኸው ዘሩ እስከ ዛሬ ይቆጠራል። እናንተ አንዲት ሰብሌ ላይ በር ዘግታችሁ ጠበቃችሁ፤ የባቢሎን ንጉሥ ያልጨረሰውን የዳዊትን ቤት እናንተ ጨረሳችሁት!»